ቃል ከቤት ይዛችሁ ኑ

የሰባተኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነኝ። የማስተምረው አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ክፍል ከሃምሳ በላይ ልጆች አሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ስም ተጠርቶ ሰሌዳ እስኪጠረግ ግን ከዚያም ያንሳል።

ልጆቹ ቃል እያጠራቸው መሆኑን ያወቅኩት ድርሰት ሳርም ነው። ሁሉም ነገር «አሪፍ» ነው። በዓሉ አሪፍ፣ ጨዋታው አሪፍ፣ የሞቱት አያትም «በጣም አሪፍ ሰው ነበሩ»። ቃሉን አልጠላውም፤ እኔም እለዋለሁ። ግን አያቱን የቀበረ ልጅ ስለ እሳቸው የሚናገርበት ሌላ ቃል ሲያጣ ሆድ ይብሳል። ደግ ነበሩ? ቁጡ? ዝምተኛ? ከድርሰቱ ሰውየውን ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ የቀን ቃል ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት የሰሌዳው ቀኝ ጥግ ላይ አንድ ቃል ከነትርጉሙ እጽፋለሁ፤ እነሱ ይገለብጣሉ። ቃሉን የምመርጠው እኔ ነኝ። ምናብ፣ ተዓማኒ፣ ጽኑ፣ ዝንባሌ። በ12 ሳምንት 60 ቃል ሞላ። ደብተራቸው ሲያዩት ያምራል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ፈተንኳቸው። ትርጉም ስጠይቅ ብዙዎቹ መለሱ። በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዱ ልጅ «አባቴ ጽኑ ጫማ ገዛልኝ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ልጁ አላጠፋም። «ጽኑ ማለት ጠንካራ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጠንካራ ጫማ ደግሞ አለ። ያልነገርኩት ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ነው። ጽኑ እምነት እንላለን፣ ጽኑ ፍላጎት፣ ጽኑ እስራት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል። ቃል እንደ ሰው ነው፤ ጓደኞቹን ሳታውቅ እሱን አታውቀውም። እኔ ያስገለበጥኳቸው ጓደኛ የሌላቸው 60 ቃላት ነበሩ።

መንገዴን ያስለወጠኝ ግን ፈተናው ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ተረትና ምሳሌ እያስተማርኩ «ጉልቻ ቢቀያየር…» ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ወጥ አያጣፍጥም!» አለ። ደስ አለኝና «ለመሆኑ ጉልቻ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጸጥ አሉ።

ከኋላ አንዱ «ማንኪያ ነው?» አለ። አንዷ ደግሞ እጇን አውጥታ «ቅመም ነው ቲቸር» አለች። አስቤ ሳየው መልሷ ብልህ መልስ ነው። ወጥ የሚያጣፍጥ ነገር ምንድን ነው? ቅመም። ልጅቷ ያላየችውን ነገር ከምታውቀው ተነስታ ገምታለች። እነዚህ ልጆች ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያደጉት፤ ቤታቸው ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ድስት በሦስት ድንጋይ ላይ ተጥዶ ከየት ያያሉ? ሦስት የጠመኔ ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ የአንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ ላያቸው ላይ ጣድኩና «እነዚህ ሦስቱ ጉልቻዎቹ ናቸው» አልኩ። ወዲያው አንድ ልጅ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሰው ሲያገባ ሦስት ጉልቻ መሠረተ የሚባለው ለዚህ ነው?»

አዎ፣ ለዚህ ነው። አንድ ቃል ገብቶ ሁለት በር ከፈተ። በዚያው ቀን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን አነሳን። ብብትን ያውቁታል። ቆጥን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ዶሮ ለአዳር የምትወጣበት፣ ዕቃም የሚሰቀልበት ከፍ ያለ ቦታ እንደሆነ ስነግራቸው ሴትየዋ እጇን ሽቅብ ስትዘረጋ ታየቻቸው። ብብቷ ሲከፈት ምን እንደሚሆን እኔ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ደንቡን ቀየርኩ። በቀን አንድ ቃል ቀረ፤ በሳምንት ሁለት ሆነ። ሰኞ አንዱን ከምናነበው ምንባብ እናወጣለን። ረቡዕ ሌላውን ልጆቹ ከቤት ያመጣሉ። ከቤት የሚመጣው ቃል ሦስት ነገር ይዞ መምጣት አለበት። ማን አለው? ምን ሲሠራ አለው? እንዴት አድርጎ አለው? ትርጉሙ ራሱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ቃል «ማሰሻ» ነበር። ያመጣችው ልጅ አያቷ ምጣድ ሲያሟሹ አጠገባቸው ቆማ ጠይቃቸዋለች። ጎመን ዘር የነካው ጨርቅ ነው፤ ምጣድ ይታሰስበታል። ቀጥሎ አባቱ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ ራሱን ቃሉን ይዞ መጣ። ጎሚስታ ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን ስነግረው ገረመው። ከዚያ ፌሮ፣ አርማታ፣ መኪና፣ ፓስታ እያልን ሰሌዳው ሞላ። ልጁ ያን ቀን አባቱ የሚውልበት ቤት የክፍሉ ትምህርት ሲሆን አየ። አቀማመጡ ሁሉ ተለየብኝ።

አንድ ረቡዕ ደግሞ ከሁሉም የማልረሳው ነገር ሆነ። ቃሉ ሙቀጫ ነበር። ስለ ሙቀጫና ዘነዘና ተነጋግረን ልንጨርስ ስንል ብዙ ጊዜ የማይናገር ልጅ «ቲቸር፣ ሙቀጫ ከወቀጠ ነው እንዴ?» አለ። ጠመኔውን ሰጠሁትና «ጻፈው» አልኩት። ወቀጠ፣ ሙቀጫ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ እኔ ቆረጠ፣ መቁረጫ አልኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ተቀመጠ፣ መቀመጫ። ከፈተ፣ መክፈቻ። አረሰ፣ ማረሻ። ወረደ፣ መውረጃ። ከደነ፣ መክደኛ። አንዷ «ጠ ወደ ጫ ይሄዳል፣ ተ ወደ ቻ፣ ሰ ወደ ሻ፣ ደ ወደ ጃ፣ ነ ወደ ኛ!» ብላ ጮኸች። ማሰሻንም ያመጣችው ልጅ ራሷ ከ«አሰሰ» ሥር አስገባቻት። ይህን ሕግ እኔ ኮሌጅ ውስጥ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። እነሱ ግን በሙቀጫ አገኙት። ደወል ተደውሎ የሚቀጥለው መምህር በር ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃል ለብቻው አናስገባም፤ ከነዘመዱ ነው። ሰበረ ከመጣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ ተሰባሪ ተከትለውት ይመጣሉ። የአማርኛ ትልቁ ሀብት ይሄ ይመስለኛል። ግሱን የያዘ ልጅ አንድ ቃል አይደለም የያዘው፤ ቤተሰቡን ነው።

ስለ መርሳት ትንሽ ልበል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እያጠና ምን ያህሉን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ ለካ። አብዛኛውን የረሳው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ እየመላለሰ ሲያጠናው ግን መርሳቱ ቀነሰ። ይህን ሳነብ የእኔ 60 ቃላት ትዝ አሉኝ። ለልጆቹ እነዚያም ትርጉም እንደሌለው ድምፅ ነበሩ፤ ደግሞም አንዴ ከተገለበጡ ወዲያ አልተመለስንባቸውም።

አሁን ባዶ የጠመኔ ካርቶን አለን። እያንዳንዱ ቃል በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ እዚያ ይገባል። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃ አምስት ቃል እናወጣለን። ያወጣው ልጅ ትርጉም አይጠየቅም፤ በቃሉ አንድ ነገር ይናገራል። ካቃተው ወረቀቱ ከላይ ይቀመጥና በሚቀጥለው ዓርብ ይመለሳል። አንዴ «ሰፊ» የሚል ወረቀት ወጣና ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ስፋት ያለው ማለት ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሲላላ የልብስ ሰፊ ነው፤ ሲጠብቅ ሰፊ ሜዳ። ፊደላችን መጥበቁንና መላላቱን አያሳይም። ስለዚህ ቃል ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት አሁን ሁልጊዜ ጮክ ብለው እንዲሉት አደርጋለሁ።

ነጥብም አልሰጥበትም። አንድ ወር ሰጥቼ ነበር። ወዲያው አንዱ ያመጣውን ቃል አምስት ልጆች ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ የአምስቱም አያት በአንድ ቀን አንድ ቃል ተናገሩ ማለት ነው። ነጥቡን ሳነሳ ቃላቱ እንደገና ተለያዩ።

አንድ ጥፋቴን ግን ሳልናገር አላልፍም። መጀመሪያ ላይ «አማርኛ ብቻ» ብዬ ነበር። አንዲት ልጅ ለሦስት ሳምንት ያህል ባዶ እጇን መጣች። ሰነፈች ብዬ አሰብኩ። ለብቻዋ ሳናግራት «አያቴ አማርኛ አይችሉም፤ ጉራጊኛ ነው የሚናገሩት» አለችኝ። ቤታቸው ውስጥ ቃል የሚያወርሷት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በሩን ዘግቼባታለሁ። አፈርኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ «ጀፎረ» የሚል ቃል ይዛ መጣች። በጉራጌ መንደር በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ ነው። ሠርግም ሐዘንም ይሰበሰብበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። በአማርኛ በአንድ ቃል በሉት ብዬ ጠየቅኩ። ጎዳና አሉ፤ አይሆንም። ሜዳ አሉ፤ እሱም አይሆንም። ጀፎረ እንደ ጀፎረነቱ ካርቶኑ ውስጥ ገባ።

ድርሰታቸው ተለውጧል? ተለውጧል፤ ቀስ ብሎ። አንዱ ልጅ በቅርቡ ስለ አያቱ ሲጽፍ «ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ማጀት ድረስ ይሰማል» አለ። ሰውየውን አየኋቸው። አሪፍ የሚለውም አልጠፋም፤ በቦታው አለ።

ያልተቃናልኝ ነገር ቤታቸው ማንም የማይገኝላቸው ልጆች ጉዳይ ነበር። እናትና አባት ማታ ደክመው ይገባሉ፤ ለአንዳንዶቹም አያት የሚባል ሰው አጠገባቸው የለም። ሦስቱን ወደ ትምህርት ቤታችን ጥበቃ ላክኋቸው። ልጆቹ አባባ ነው የሚሏቸው። ወደ ከተማ ከመምጣታቸው በፊት ገበሬ ነበሩ። አንድ ረቡዕ ጠዋት በበሩ ሳልፍ ሦስቱ ልጆች ከበዋቸው ቁጢጥ ብለዋል። አባባ በዱላቸው መሬት ላይ እየሣሉ ነው።

«ይኼ ረጅሙ ሞፈር ነው። ይኼ ቀንበር፤ በሬዎቹ ጫንቃ ላይ ይውላል። እርፉን ገበሬው ይይዘዋል። ግራና ቀኝ ያለው ድግር ነው። ወገል ማያያዣው ብረት ነው።»

አንዱ ልጅ «አባባ፣ በዚህ የሚባል ነገር አለ?» አላቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉ።

«ሞፈር ዘመት ይባላል። ከቤቱ ርቆ ሄዶ የሚያርስ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ከመሬት አነሱና «እኔስ ያው ሞፈር ዘመት አይደለሁ? ቤቴ ወዲያ፣ እንጀራዬ ወዲህ።»

ካርቶናችን ውስጥ ያለው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሞፈር ዘመት። አባባ አሉት። በር ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አገራቸውን አስታውሰው።»