ካቴናው አልዞር ያለ የባትሪ መጋዝ

የባትሪ መጋዝ አልዞር ሲል ሰው ሁሉ ወዲያው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል። እኔ እስካየሁት ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ውጭ ነው። ሞተር ከማስፈታት በፊት ካቴናውን (የሚቆርጠውን ሰንሰለት) እና ካቴናው የሚሄድበትን ረጅም ብረት ማየት ይቀድማል። በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ ነው።

የዚህኛው መጋዝ ባለቤት አጎቴ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ነው የሚኖሩት፤ ጓሯቸው ሙሉ ባሕር ዛፍ ነው፣ አጣናውንም ማገዶውንም በዚህ መጋዝ ነው የሚቆርጡት። ክረምት ላይ ነፋስ የጣለውን ግንድ ሲቆርጡ ውለው መጋዙን እንደነበረ አስቀመጡት፣ በማግስቱ ሲያስነሱት እምቢ አለ። ደወሉልኝ።

«ሞተሩ ሄዷል መሰለኝ፣ ከተማ ውስጥ የሚፈታ ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሲጫኑት ምንም ድምፅ የለውም?»

«እንደመንገጭገጭ ይልና ቀጥ ይላል።»

«በቃ ባትሪውን ያውጡትና ማንም እንዳይነካው፣ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ያ መንገጭገጭ ደስ የሚል ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ባትሪውም ሞተሩም በሕይወት አሉ ማለት ነው። ሞተሩ ሊዞር ይሞክራል፣ ካቴናው አይለቀውም፣ የሚስበው ኃይል በአንዴ ይጨምራል፣ ያኔ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መከላከያ ያጠፋዋል። ስለዚህ እልህ ተጋብቶ ቁልፉን መደጋገም ውስጡን ከማጋል ሌላ ጥቅም የለውም።

ባትሪውን ማውጣት ደግሞ በምንም ምክንያት የማይዘለል ነው። የነዳጁ መጋዝ ገመዱ ካልተሳበ አይነሳም። የባትሪው ግን ዝም ብሎ ተቀምጦም ዝግጁ ነው፤ እጃችሁ ካቴናው ላይ እያለ ቁልፉ በስህተት ቢነካ ጣት ይሄዳል። ባትሪ ይወጣል፣ ወፍራም ጓንት ይደረጋል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

መጀመሪያ ፍሬኑን አየሁ። ከፊት እጀታው ፊት ያለው መከላከያ ወደ ፊት ከተገፋ ካቴናው ተቆልፏል፣ ቀጭ እስኪል ወደ እጀታው መሳብ ነው። በአንድ እጅ የሚያዙት ትንንሾቹ መጋዞች ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ፍሬን የለም። የአጎቴ ላይ አለ፣ ግን አልተቆለፈም።

ቀጥሎ ውጥረቱ። ካቴናው ብረቱ ላይ ልጥፍ ብሏል፣ በጣት ብስበው ንቅንቅ አይልም። ጠየቅኳቸው። ለካ የዚያን ቀን ከሰዓት ካቴናው ሲላላባቸው አጥብቀውት ነበር። ሥራ ላይ ያለ ካቴና ይግላል፣ ሲግል ይረዝማል፣ በዚያ ሙቀቱ አጥብቃችሁት ካደረ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ያጥርና ብረቱን አንቆ ይይዛል። በጋለበት ማጥበቅ ችግር የለውም፣ ሥራ ሲያልቅ ግን ላላ ማድረግ ያስፈልጋል። የክዳኑን ዳዶዎች ላላ አደረግኩና የማጥበቂያዋን ብሎን በካቻቢቴ መለስኳት። ካቴናው ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ እንደገና ቆመ። ሌላም ነገር አለ ማለት ነው።

ክዳኑን ስከፍተው ከሞተሩ የሚወጣው፣ ካቴናውን የሚያዞረው ጥርስ አይታይም። የባሕር ዛፍ ልጥ እንደ ድር ተጠምጥሞበታል፤ እርጥብ ልጥ በቁመቱ እየተላጠ ካቴናው ይዞት ይገባል። በፒንሳ እየጎተትኩ አወጣሁት። ካቴናውን አውልቄ ብረቱን ሳየው ካቴናው የሚሄድበት ቦይ ጥቁር ሙጫ ሞልቶታል፣ ሰጋቱራና ዘይት አንድ ላይ ተጋግሮ ጠንክሯል። አጎቴ የካቴና ዘይት ሲያልቅባቸው የምግብ ዘይት ነበር የሚጨምሩት። የምግብ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ሲቆይ ግን ሙጫ ይሆናል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይቅርባችሁ፤ የብረት ብናኝ አለበት፣ ካቴናው ደግሞ የሚጨመርለትን ዘይት እየረጨ ነው የሚሄደው፣ ያም መሬት ገብቶ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጣና ይወርዳል። ይህ ነገር እውነት ያሳስበኛል።

ቦዩን በተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ ከዳር እስከ ዳር ፋቅኩት። ዘይት የሚመጣበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ከፈትኩት፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስም በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳት። ስትዞር ለቀቅ አለች።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የካቴናውን የታችኛውን ጥርስ ቦዩ ውስጥ አስገባሁና ከኋላ ጀምሬ በእጄ ገፋሁት። ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ጫፉ ጋ ሊደርስ አንድ ጋት ሲቀረው ቀጥ። ደገምኩት፣ እዚያው ቦታ ቀጥ። የቦዩ ግድግዳ ተጨምቋል ማለት ነው። አጎቴ ያኔ ነው የነገሩኝ፤ ግንዱ ዋልካው ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ሊቆረጥ ሲል በክብደቱ መጋዙን ነክሶ ያዘው፣ ልጆቹም ወዲያ ወዲህ ጠምዝዘው ነው የነቀሉት።

ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቦዩ ውስጥ አስገብቼ ቀስ ብዬ ከፈት አደረግኩት፣ ጥርሱ በነፃነት እስኪያልፍ ድረስ እየሞከርኩ። ጠርዙ ላይ የወጣውን ስል ነገር በሞረድ አነሳሁ። ከካቴናው የታችኛ ጥርሶችም አንዳንዶቹ ተጎድተው ነበር፣ እነሱንም በትንሹ ሞረድኳቸው። ብረቱ ራሱ ቢጎብጥ ኖሮ ግን መለወጥ እንጂ ማቃናት አልሞክርም ነበር። እንጨቱ መጋዙን ሲይዝባችሁ ባትሪውን አውጡ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ምቱ ወይም ግንዱን በአጣና ፈልቅቁት፣ መጋዙ ራሱ ይለቃል።

ስመልሰው ከላይ በኩል ያሉት የሚቆርጡት ስለቶች ወደ ጫፉ እንዲያዩ አደረግኩ፤ ተገልብጦ የገባ ካቴና ይዞራል ግን አይቆርጥም። የብረቱን ጫፍ ወደ ላይ ደግፌ አጠበቅኩት። ልኩ ከታች በኩል ሳብ ሲደረግ የውስጡ ጥርስ ከቦዩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ በጓንት ሲገፋ ደግሞ ያለ ትግል ሲሄድ ነው። ትክክለኛ የካቴና ዘይት ሞልተን ባትሪውን አስገባሁና ጫፉን ወደ ካርቶን አዙሬ ለትንሽ ጊዜ አስነሳሁት። ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ታየ፣ ዘይቱ ደርሷል። አጎቴ እዚያው አንድ አጣና ቆረጡበት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም እምቢ ካለ ባትሪውን አውጥታችሁ ካቴናውንና ብረቱን አውልቁ፣ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ባትሪውን መልሱና እጃችሁን አርቃችሁ ለአፍታ ብቻ ተጫኑት። ሞተሩ ባዶውን ከዞረ ችግሩ አሁንም ካቴናው ወይም ብረቱ ላይ ነው። ባትሪው በደንብ ተሞልቶም ባዶውን ካልዞረ ያኔ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባትሪውንና ቻርጀሩንም አብራችሁ ውሰዱለት፣ አለዚያ የት ጋ እንደተበላሸ መለየት አይችልም።