ፀሐይ ስትጨልም የወደቀው ፈርዖን

አብዛኞቻችን «ፈርዖን» የሚለውን ስም የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት፣ ልቡን ያደነደነ ንጉሥ ሆኖ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ሐዋሳ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተመለከትሁት «ፈርዖን» የተባለ የፖላንድ ፊልም ግን ዙፋን እንጂ ሥልጣን የሌለውን ወጣት ንጉሥ አሳየኝ። ፊልሙን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ያዘጋጀው ዬዢ ካቫሌሮቪች ነው።

ነገሩ ሁሉ ገና ከመክፈቻው ይታያል። የአልጋ ወራሹ ሠራዊት በጉዞ ላይ ሳለ ሁለት ጢንዚዛዎች ድቡልቡል እበት ሲያንከባልሉ ያገኛል፤ ፍጥረቶቹ በግብፃውያን ዘንድ ቅዱሳን ናቸውና ካህኑ ሔርሆር ሠራዊቱ መንገዱን ለቅቆ እንዲዞር ያዝዛል። ለማለፍም አንድ ቦይ በአፈር ይደፈናል፤ ነፃ እወጣበታለሁ ብሎ ያንን ቦይ ዐሥር ዓመት ሲቆፍር የኖረው ባሪያም ራሱን ይሰቅላል። ጦሩ የልዑሉ፣ ትእዛዙ ግን የካህኑ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ንግግር አያስፈልግም።

ልዑሉ ከነገሠ በኋላ ግምጃ ቤቱ ባዶ፣ የካህናቱ ማከማቻ ግን በወርቅ የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። ፍጻሜውን የሚወስነው ግን ወርቁ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው፤ ሕዝቡ የቤተ መቅደሱን በር ሊሰብር ሲጋፋ፣ የፀሐይ ግርዶሹን ጊዜ አስቀድመው ያሰሉት ካህናት ጨለማውን የአማልክት ቁጣ አስመስለው ያቀርቡለታል፣ ሕዝቡም መሬት ላይ ይደፋል። እዚህ ላይ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። በላሊበላ ሰማይ የእሳት ቀለበት የታየበት ያ የእሑድ ጠዋት እኛ ዘንድ ግርዶሹ ከፊል ነበር፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል፣ በግቢያችን የአቮካዶ ዛፍ ሥር በቅጠሎቹ መካከል የሾለከው ጨረር መሬቱን በትናንሽ ጨረቃዎች ሞላው። ጎረቤታችን እማማ ነገሩን ከቀናት በፊት በሬዲዮ ሰምተው እያለ ልጆቹን ሁሉ ወደ ቤት ጠሩ። ቀኑ ተነግሮን እንኳ እንዲያ ከፈራን፣ ምንም ያልተነገረው የግብፅ ገበሬ በግንባሩ ቢደፋ አልፈርድበትም።

ፊልሙ የተመሠረተበት የቦሌስዋፍ ፕሩስ ልቦለድ ባለታሪክ፣ ራምሴስ 13ኛ፣ በታሪክ የለም፤ የመጨረሻው ራምሴስ 11ኛው ነበር። የቤተ መቅደሶቹ ሀብት ግን እውነት ነው፤ የራምሴስ 3ኛን ስጦታዎች የሚዘረዝረውና በራምሴስ 4ኛ ዘመን የተዘጋጀው፣ 40 ሜትር ያህል የሚረዝመው የሃሪስ ፓፒረስ የተባለው የጽሑፍ ጥቅል ለቴብስ ከተማ ቤተ መቅደሶች ብቻ ከ86 ሺህ በላይ ሰዎችንና ከ420 ሺህ በላይ ከብቶችን ይመዘግባል። ካህኑም ቢሆን ከእውነተኛ ሰው የተቀዳ ይመስለኛል፤ አሙን የተባለው የግብፃውያን አምላክ ሊቀ ካህናት የነበረው ሔሪሆር በካርናክ በሚገኘው የኮንሱ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ስሙን፣ ለነገሥታት ብቻ በሚገባው ክበብ ውስጥ አስቀርጾታል።