ኮምጣጤ ውስጥ ያደሩት የፋብሪካ ሳንቲሞች

በአንድ የሳንቲም ስብስብ ክፍል ለአዲስ ሠራተኛ 46 ግራጫ የጀርመን ፋብሪካ ሳንቲሞች፣ ማለትም ፋብሪካዎች በጦርነት ጊዜ ለሠራተኞቻቸው ያስቀረጿቸው፣ እንዲያጸዳ ተሰጡት። የወጡበት መሳቢያ ላይ «ዚንክ» ተብሎ ተጽፏል። ሠራተኛው ሁሉንም አንድ ሳህን ውስጥ ጨምሮ ኮምጣጤ አፈሰሰባቸው፤ እዚያው አደሩ። ጠዋት 29ኙ ተበልተው ፊደላቸው ጠፍቷል። 11ዱ ገና ሳይደርቁ ቀይ ዝገት ጀመራቸው። 6ቱ ብቻ ትንሽ ደብዝዘው ተረፉ።

29ኙ በእርግጥ ዚንክ ነበሩ። 11ዱ ግን ዚንክ የተቀቡ ብረቶች ናቸው፤ አሲዱ ቅቡን ሲገፈው ብረቱ ራቁቱን ቀረ። የተረፉት አሉሚኒየም ነበሩ።

እንዲህ የተደባለቀው በምክንያት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሕዝቡ የብር ሳንቲሙን ደበቀ፤ መዳብና ኒኬል ለጦር መሣሪያ ሥራ ተፈለገ። መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1915 5 ፕፌኒግን (ፕፌኒግ የጀርመን ማርክ መቶኛ ነው)፣ ቀጥሎም 10 ፕፌኒግን በብረት፣ በ1916 1 ፕፌኒግን በአሉሚኒየም፣ በ1917 ደግሞ 10 ፕፌኒግን በዚንክ መቅረጽ ጀመረ። ያም አልበቃም። ደመወዝ ከነዝርዝሩ መክፈል ያለበት ፋብሪካ የራሱን ሳንቲም አስቀረጸ፤ ሠራተኛው በፋብሪካው መመገቢያና ሱቅ ይገበያይበታል። የሚቀረጽበት ማዕድን በጊዜው የተገኘው ነው፤ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል።

ስለዚህ ከማጽዳት በፊት መለየት ይቀድማል። መጀመሪያ ማግኔት፦ ከሳበው ብረት ነው፣ ላዩ የፈለገውን ቢመስል። ቀጥሎ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ዝርግ ክብ በዚንክ 3.4፣ በብረት 3.7፣ በአሉሚኒየም 1.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዚንክና ብረት በሚዛን በጣም ስለሚቀራረቡ ማግኔቱን መዝለል አይቻልም። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ማንሳት።

ዚንክ ላይ ያለው ግራጫ ልባስ ቆሻሻ አይደለም። የሳንቲሙ የላይኛው ቆዳ ራሱ ተለውጦ የሆነው ነው፤ ጥቃቅኑ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚኖረው እዚያው ልባስ ውስጥ ነው። ኮምጣጤ፣ ሎሚና የናስ ብሩሽ ሲነኩት ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። የሚፈቀደው ቅባትና አቧራ ማንሳት ነው፦ አየር በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ በአሴቶን (ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ) መንከር፣ የቀረውን 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ሥር በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ መፈልፈል። ውሃ የግድ ካስፈለገ የተጣራ ይሁን፤ ከሁለት ሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ ወዲያው እንደገና አሴቶን ውስጥ ገብቶ ውሃው ይውጣለት።

ማስቀመጫውም ያጠፋል። የኦክ እንጨት መሳቢያ የአሴቲክ አሲድ ትነት ይሰጣል፤ በር ተዘግቶ የሚሠራ ቀርፋፋ ኮምጣጤ ማለት ነው። ፒቪሲ ፕላስቲክም አይሆንም። ፖሊስተር ኪስና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይሻላል።

የ29ኙ ጉዳት ከመልክ መበላሸት ያልፋል። ቀራጮች ዋጋ ያለበትን ገጽ ብዙ ጊዜ ለተለያዩ ደንበኞች በአንድ መቅረጫ ይመቱት ነበር። «10» እና «ክላይንጌልትኤርዛትስማርከ»፣ ማለትም የዝርዝር ምትክ፣ የሚለው ብቻውን የማን እንደሆነ አይናገርም። የፋብሪካው ስም ያለበት ገጽ ከተበላ ሳንቲሙ ባለቤቱን አጣ። እንዲህ ያለውን በግምት በአንድ ፋብሪካ ስም መመዝገብ ቀጣዩን አጥኚ ያሳስታል፤ ካርዱ ላይ «በአሲድ የተጎዳ፣ አውጪው የማይታወቅ» ተብሎ ከክብደቱና ከስፋቱ ጋር ለብቻው ይቀመጥ።