ስፌት ግድግዳ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ የወጣቶች ሥዕል ኤግዚቢሽን ለማየት ሄጄ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት። አብዛኛው ሥራ የጀጎል በሮች ነው፣ እሱን ደግሞ ብዙ አይተናል።

አንዱ ግን ያዘኝ። ሸራው ላይ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ብርቱካናማው ከሐምራዊው ከአረንጓዴው ጋር በመርፌ ተያይዞ፣ ራቅ ብዬ ሳየው የጀጎሉ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ማኪና ግርግር፣ ሆኖ ቁጭ አለ! ለመንገዱ ስሙን የሰጠው የስፌት መኪናው ድምፅ ሁሉ የተሰማኝ መሰለኝ።

ወዲያው የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ትዝ አለኝ። እሱም በክርና በልብስ ቁልፍ ሸራ ሲሰፋ ቆይቶ፣ በኋላ ከመርካቶ በሚያገኘው የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ ግዙፍ ሥራዎችን ሠርቷል። አንዳንዱ ሰው "ይሄ ምኑ ሥዕል ነው?" ይላል። ሐረር ያደገ ሰው ግን እንዲህ የሚል አይመስለኝም። እኛ ስፌት ስንል ልብሱንም ሞሰቡንም ነው። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ቀና ስትሉ ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል፣ ቀለሙ ተመርጦ፣ ቅርጹ ተለክቶ። ለኔ መጀመሪያ ያየሁት ኤግዚቢሽን እሱ ነው።

ሠዓሊዋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ስንት ጊዜ ፈጀብሽ አልኳት። ሦስት ወር አለችኝ። ዋጋውን ስጠይቃት አልሸጠውም አለች፣ ደስ አለኝ።

ሳይዘጋ አክስቴን ይዣት እመለሳለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ስትሰፋ የኖረች ናት፣ እሷ የምትለውን መስማት እፈልጋለሁ።