አይፎን ሲጠበቅ መላጊያ

ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ጥብስ እየበላን ነው። ከሻንጣዬ ምን እንደወጣ ሰምተው ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «አሜሪካ ማሽን ጠፍቶ ነው የእንጨት የእጅ መላጊያ ተሸክመህ የመጣኸው?» አለኝ አንዱ። ሌላው ቀጠለ፤ «እዚያ እኮ ሁሉን የሚሠራው ሮቦት ነው አይደል?»

ሮቦት! ታዲያ እኔን ዴንቨር መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን የሚያሸክመኝ ምንድን ነው?

ፈረንጅ ቅዳሜ ሲሆን አሮጌ ዕቃውን ደጁ ሣር ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። እንደኛው ቅዳሜ ገበያ፣ ግን ግፊያ የለውም። እዚያ ነው አንድ ሽማግሌ ጋ ስታንሊ ቁጥር 4 የሚባለውን መላጊያ ያየሁት። እጀታው በመዳፍ ወዝ ጠቁሯል። ምላጩ 5 ሴንቲ ሜትር። ቁርጥ የአባዬ! «ትሠራበታለህ?» ስለው «ኧረ፣ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው» አለኝ።

የአባዬን መላጊያ ልጅ እያለሁ ለልዋጭ ሰጥቼ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አባዬ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እንጨት ሥራ የተማረ ሰው ነው። ያን ቀን አልመታኝም። በጆጉ ውኃ ቀድቶ ጠጣና ዝም አለ። ብመታ ይሻለኝ ነበር።

የሽማግሌውን መላጊያ በ40 ዶላር ገዛሁት። (በእጅ ሻንጣ እንዳትይዙ፤ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።)

ቤት አምጥቼ ስሰጠው አባዬ ምላጩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ደንዟል» አለና ድንጋይ ላይ ሳለው። ከዚያ የዋንዛ ጣውላ አጋድሞ «እስቲ ሞክረው» አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ዳያስፖራውን ሊያይ ቆሟል። ገፋሁት፤ ቦጨቀው። ደገምኩት፤ ባሰበት። አንድ ሕፃን ከት ብሎ ሳቀ።

«እንጨት ጠጉር አለው እኮ ልጄ። ወደ ላይ እያበጠርከው ነው» አለና ጣውላውን አዞረው። አንዴ ሲገፋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወጣ። እኔ ላቤን ጠረግኩ።

ዲቪ ሞልታችሁ የምትጠብቁ ልጆች፣ ዲግሪዬን እዚያ የጠየቀኝ የለም። «የእጅ ሙያ አለህ?» ብለው ግን ስንቴ ጠይቀውኛል! አናጢው በመኪናው ሲያልፍ እኔ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። የአባት ዕቃ ቤት ውስጥ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት አንሡት።

ማታ መብራት ጠፋ። የጎረቤት ማሽን ቀጥ ሲል አባዬ በሻማ ይልግ ነበር። ሲጨርስ መላጊያውን ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከእኔ ነው የቆለፈው።