ካላባር በሥራ ካርድ ጀርባ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የሚለየን የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ነበር። በማግስቱ እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ መፍቻ የሚያነሳ ጠፋ።

"በኃይሉ አሰፋ አግብቶልን እየመራን አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ለምን ወደ ኋላ አይሰበስብም?" ይላል ካምቢዮ የሚፈታው ልጅ። ስታዲየም አብረን ነበርን። "ጨምሩ! ድገሙ!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸው እሱ ራሱ ነው። የናይጄሪያው ኤሜኒኬ አቻ አድርጎ በ90ኛው ደቂቃ በሪጎሬ፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ሲደግም ነው መከላከል ትዝ ያለው።

በዚህ መሀል አንድ ሚኒባስ ገባ። ሹፌሩ "ማርሽ አልገባ አለኝ" አለ። ልጁ ገና ከሩቅ "ካምቢዮ ነው፣ ይውረድ!" ብሎ ጃክ ሊያመጣ ተነሳ።

ዋና መካኒካችን አስቆመው። ትልቅ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። የሥራ ካርዱን ሰጠውና "ከመፍታትህ በፊት ምን እንደሆነ ጻፍ። ምን አይተህ እንዳልክም ጻፍና ፈርም" አለው።

ልጁ "ካምቢዮ" ብሎ ጻፈ። ምን አየህ የሚለው ላይ ሲደርስ እስኪርቢቶው ቆመ። ምንም አላየማ! እየተነጫነጨ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የፍሪሲዮኑ ዘይት ተንጠባጥቦ አልቋል። ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ሹፌሩም የቀን ገቢው ሳይቀርበት ከሰዓት በኋላ ወጣ።

ጋሼ ግን አልለቀቀንም። "ናይጄሪያ ውስጥ ለሚደረገው ለካላባሩ መልስ ጨዋታም እንዲሁ" አለ። "አሰላለፋችሁን፣ አጨዋወቱን፣ የምትፈሩትን ጽፋችሁ ፈርሙ።" በካርድ ጀርባ ጻፍን። እሱም መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሰኞ ጠዋት ልጁ እንደ ልማዱ "እንዲህ ተከፍቶ ይገባል?" ብሎ ሲጀምር መሳቢያው ተከፈተ። የሱ አሰላለፍ ሳላዲን፣ ጌታነህ፣ አዳነ፣ ሁሉም ከፊት! መሀል ሜዳውን የሚጠብቅ አንድ ሰው አላስቀረም። ጋራዡ በሳቅ ሞተ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ጥር 2005 ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያ ያገባብን ሁለቱም ጎሎች የቪክቶር ሞሰስ ሪጎሬዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨመረ። ካላባር ላይ ሞሰስ በ20ኛው ደቂቃ ደገመው፣ ኦቢና ደግሞ በቅጣት ምት ዘጋው። በሦስት ጨዋታ ከገቡብን ስድስት ጎሎች አራቱ ሪጎሬ ናቸው። እኛ ስለ አጥቂና ስለ አሰላለፍ ስንጨቃጨቅ ከረምን። የሁላችንንም ካርድ አገላብጬ አየሁ፤ "ሳጥን ውስጥ ጥፋት እንዳንሠራ" ብሎ የጻፈ አንድ ሰው የለም። የጋሼ ካርድ ላይ እንኳ የለም። እሱም ሲነገረው ጢሙን እያሻሸ "ተውኝ እስቲ" ብሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

የሥራ ካርዱ ላይ "ምን አይተህ?" የሚለው መስመር ግን ቀረ። ደንበኛ ፊት ስለሚሞላ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም ነበር፣ አሁን ለምደውታል። በኳስ ግን ከዚያ ወዲህ የሚፈርም አላገኘንም።