አያ ጅቦን አይጥ በላው

ፉሪ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን የአሻንጉሊት ቲያትር ስንጀምር ሙዚየም የሚባል ነገር ትዝም አላለን። የነበረን የድሮ አንሶላ መጋረጃና ስድስት አሻንጉሊት ብቻ። አያ ጅቦን የሰራሁት እኔ ነኝ፣ ፊኛ ነፍቼ አሮጌ ጋዜጣ እየቀደድኩ በዱቄት ማጣበቂያ ላዩ ላይ መደራረብ፣ ሲደርቅ ፊኛውን ማፈንዳት፣ በቃ ጭንቅላት ሆነ ማለት ነው፣ ወጪ የለውም ልጆቹም አብረው ይሰሩታል።

ግን ዱቄት ምግብ ነዋ! አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት የጅቦ አንድ ጆሮና ግማሽ መንጋጋው የለም፣ አይጥ ግጦታል። ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል፣ ምን ላድርግ፣ ፊቱን በሻሽ ጠቅልዬ ጥርሱን ያመመው ጅብ አድርጌ አወጣሁት። አንዷ መጥታ ሻሹን ሳበችውና «ውይ ጅቦን አይጥ በላው!» ስትል ቲያትሩ እዚያው አበቃ፣ ሳቁ አላቆም አለ።

ልጥለው ስል ግን ሁሉም አኮረፉኝ። መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ልጅ ሁሉ በተበላው በኩል አጮልቆ ያያል፣ የጋዜጣው ድርብርብ፣ ጣት የሚገባበት የካርቶን ቱቦ፣ አፉን የሚከፍተው ክር ሁሉ ይታያላ። ሙዚየማችን እንዲህ ነው የተጀመረው። በኋላ ሙዚየም እንዲመስል ብለን መስታወት ገጠምንለት፣ የማይረባ ሀሳብ ነበር፣ በሳምንቱ አነሳነው።

አሁን ዱቄት የለም፣ የአናጢ ኮላ በውሃ አቅጥነን ነው። መስኮት ስር የነበረችው የእመት ጦጢት ቀሚስ በፀሐይ ነጥቷል፣ እሱንም ዘግይተን ነው የነቃነው። ብል ሲገባብን ደግሞ የህጻናት እጅ የሚነካው ነገር ላይ መድሃኒት መርጨት ፈራን፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርገን አስረን የጎረቤት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀመጥነው፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ እንቁላሉንም ይገላል፣ ሲወጣ ግን ቅዝቃዜው በደንብ ሳይለቀው ላስቲኩን እንዳትፈቱ፣ ጤዛ ይይዘዋል። ባለሱቋ እትዬ ፍሪዘሩን ሲከፍቱ ሁለት አይን አፍጦባቸው «አንተ ልጅ፣ ምንድነው ያስቀመጥክብኝ!» ብለው የጮሁትን አልረሳውም።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቃል አይሰማም፣ ስለዚህ ያለ ንግግር ነው የምንጫወተው፣ እንደውም እሱ ይሻላል፣ አሻንጉሊት ብዙ ሲያወራ ይሰለቻል።

ሁለት ጆሮ ያለው አዲስ ጅቦ ሰርቼላቸው ነበር። «እሱ አይደለም» አሉኝ። አሁን ጥያቄያቸው አይጧ የታለች የሚል ስለሆነ እሷን እየሰራን ነው።